ሙሉውን ገልብጪው
በመዝገብ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት ሹም የሚታወቁት በአንድ ቃል ነበር፤ «ግልባጭ» በምትለዋ። ማንኛውም ደብዳቤ ለሦስት ክፍል ግልባጭ ካልተደረገ፣ አንዱም በፋይል ካልቀረ ከቢሯቸው አይወጣም። የቢሮው ድመት መጥፋቷን የሚገልጸው ማስታወቂያ እንኳ ለጥበቃ ክፍል ግልባጭ ተደርጎለታል። ሠራተኛው ከኋላቸው «ጋሽ ግልባጭ» ይላቸዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን ስም ሰምተው አያውቁም።

እኚህ ሰው ታዲያ ቤታቸው ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል። ወረቀት እንዳይጠፋ ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ደርሷል። ጡረታ ሲወጡ ሊያሳትሙት ነው፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ልፋታቸው ስማቸውን የሚያስጠራ እሱ ብቻ እንደሆነ ያምናሉ። የት እንዳስቀመጡት ልንገራችሁ? በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በአንድ ዲስክ። ግልባጭ የለውም። የሰው ወረቀት ሲያባዙ የራሳቸው ተረሳ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሹሙ ቢሮ እንደገቡ ሰፈሩ «ሐኪሙ» ለሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ እያጣጣረ ነው» አለ ሐኪሙ። «አሁኑኑ ጽሑፉን ወደ ሌላ ያስገልብጡ። ፍላሽ አለዎት?»

ፍላሹማ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ነው። ያን ዕለት ግን መዝገብ ቤቱን የሚፈትሹ ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል፤ ሹሙ ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ቤት ወዳሉት ሚስታቸው ደወሉ።

«ኮምፒውተሩን ክፈቺና ቶሎ ገልብጪው!»

«ምኑን?»

«ሙሉውን! አንድም ነገር እንዳታስቀሪ።»

«ሳላጠፋው?»

«እንዴት ይጠፋል! እየሠራ ነው የሚገለበጠው።»

«ብቻዬን እችለዋለሁ? ይከብዳል እኮ።»

«ቢከብድ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይገለበጣል። በይ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብለው ዘጉ።

ሚስትየዋ በታዛዥነት ታምተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ታዘዙ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከነሽቦው አቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እግሩን ወደ ላይ አዞሩት። መጨረሻ ላይ አመለጣቸውና ጠረጴዛው ላይ ዷ አለ። ከዚያ ጸጥ። ደስ ብሏቸው መልሰው ደወሉ።

«ገልብጬዋለሁ! ያ ቀጭ ቀጭ የሚለውም ለቀቀው።»

«ተባረኪ» አሉ ጋሽ ግልባጭ፤ እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ለምሳ ቤት ሲገቡ ሳጥኑ በጭንቅላቱ ቆሟል። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ ዲስኩን ፈቶ አወጣና ጆሮው ላይ ነቅነቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለ። ጽሑፉን ይዛ በዲስኩ ውስጥ እየተሽከረከረች የነበረችው ሳህን ሳጥኑ ሲወድቅ ተፍቃለች፤ ከእሷ ላይ የሚነበብ ነገር አልተረፈም።

ሹሙ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ማንን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉ የራሳቸው ነው።

«ታዲያ ምን ልበልሽ ነበር? ቅጂው?»

«ያኔማ ጆግ ይዤ እመጣ ነበር» አሉ ሚስትየዋ።

በማግስቱ ባልና ሚስት የሐኪሙ ሱቅ ተገኙ። ሐኪሙ ሁለት ዲስኮች አወጣ።

«ይሄኛው እንደ ሟቹ የሚሽከረከር ነው፤ ብዙ ይይዛል። ይሄኛው ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም ይችላል።»

«አሟሟታቸውስ?» ጠየቁ ሹሙ።

«የሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጮሃል። ይሄ ግን ድምፅ የለውም፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ሹሙ የሚጮኸውን አነሱ። ሚስትየዋ ከእጃቸው ቀሟቸው።

«የፊተኛውስ ጮኾ ምን አደረግንለት?»

ሐኪሙ ስቆ ሁለቱንም ጠቀለለላቸው። ዝምተኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፤ ጯሂው ደግሞ በየሳምንቱ ጽሑፉን እየተቀበለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

የቀረው መጽሐፉ ነው። «በቃሌ ነው የማውቀው» አሉና ጋሽ ግልባጭ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው እንደ አዲስ ጀመሩ። ጽሑፉ ያለ ችግር ወረደላቸው። በሦስተኛው ቀን ሃያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆሙ። የረሳሁት ይኖራል ብለው ከመጀመሪያው አነበቡት፤ ምንም አልጎደለም። የቀሩት ገጾች ምን ይሉ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ደከሙ። እነሱም ያንኑ ነበር የሚሉት፤ አንዴ ጠበቅ አድርገው፣ አንዴ ላላ አድርገው።

አትመው ለሚስታቸው ሰጡ። ሚስትየዋ መነጽራቸውን አድርገው፣ ልብስ ማጠቢያው አንድ ዙር ሳይጨርስ አንብበው ጨረሱት።

«ጥሩ ነው። ሁሉም ገብቶኛል» አሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት ገልጠው ከሥሩ ሌላ ፈለጉ። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ዘጠኝ ዓመት ራቴን ብቻዬን የበላሁት ለዚህ ነው?»

ቁጣ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ግልባጭ መልስ አያጡም ነበር። ሚስትየዋ ግን አልተቆጡም፤ የምራቸውን እየጠየቁ ነበር።

«እኔም ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት» አሉ ሹሙ፤ አፍረው ቀና ብለው ሊያዩዋቸው አልቻሉም።