ለዳጉ ያልቆመ አስጎብኚ

ሰመራ ቱሪዝም ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ወይዘሮ ፋጡማ ባዶ ወረቀት ሰጡኝና «የከተማችንን መስህቦች ጻፍልን» አሉኝ። ወጥቼ ዞርኩ። አዲስ አስፋልት፣ የቢሮ ሕንፃ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚከንፍ ከባድ መኪና፣ ፊት የሚለበልብ ነፋስ። ደግሜ ዞርኩ፤ ያው ነው። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው መስህብ ማለት ተራራ ነበር። ወረቀቱን ባዶውን መለስኩ።

«ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምን ልታሳይ ነው?»

«እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «በል ያዮን ጠይቀው፤ አገሩን እሱ ያውቃል።»

ያዮ የቢሮው ሾፌር ነው፣ የአፋር ልጅ። አልጠየቅኩትም። የአስጎብኚነት ምስክር ወረቀት ያለኝ እኔ፣ ሾፌር ምን ሊያስተምረኝ! አላህ ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው ወር ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ከአዲስ አበባ መጡ። ሉሲ የተገኘችበትን ሐዳርን ሳላይ አልሞትም ባይ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ የመድኃኒት ቦርሳቸው ከእጃቸው አይለይም።

ሚሌን አልፈን ወደ ሐዳር እንደተገነጠልን አንድ ሽማግሌ በትሩን ከፍ አድርጎ አስቆመን። ለዳጉ ነው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ሳይባባል አይተላለፍም። በዚያን ቀን ስንቆም ሦስተኛችን ነበር።

«ኧረ ባክህ ንዳው! ጋሽ መኮንን በሙቀት ሊያልቁብን ነው» ብዬ ያዮ ላይ ጮህኩ።

«ወንድሜ፣ ዳጉ ታልፎ አይኬድም።»

«ኃላፊው እኔ ነኝ!»

ያዮ ከንፈሩን ነክሶ ነዳ። ሽማግሌው በትሩን እንደያዘ ከኋላችን ቀረ።

ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ጎማችንን ያዘው። ልንገፋ ወርደን ሳለ ጭቃማ ውሃ ከላይ ደረሰብን። ከየት መጣ? ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደመና የለ! ያዮ ጋሽ መኮንንን አዝሎ አወጣቸው። የመድኃኒት ቦርሳው ግን መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ጋሽ መኮንን ላብ አጥምቋቸው ይዝሉ ጀመር።

ውሃው ጎደል ሲል ቦርሳውን ላመጣ ተነሳሁ። ይሄኔ ሽማግሌው በእግሩ ደረሰ። ክንዴን ለቀም አድርጎ አስቀመጠኝና ከያዮ ጋር ዳጉውን ጀመረ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ግመል።

«ሰው እየሞተ ስለ ግመል ታወራላችሁ?» አልኩ። ወላሂ፣ እንባዬ መጣ። ማን እንዳበደ አላውቅም ነበር፣ እኔ ወይስ እነሱ። ሽማግሌው ክንዴን አልለቀቀም።

ያዮ ተረጎመልኝ፦ «ወሎ ደጋው ላይ ከማለዳ ጀምሮ ይዘንባል፤ ከላይ የመጡ ሰዎች ነግረውታል። ዋናው ጎርፍ ገና ነው። መንገድ ላይ ያስቆመን ይህን ሊነግረን ነበር።»

ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ እያጓራ መጣ። መኪናዋን ገልብጦ ወሰዳት።

ሽማግሌው ጋሽ መኮንንን ቤቱ ጥላ ሥር አስተኛቸው። የእኛ ወሬ ደግሞ በዳጉ ከሰው ሰው እየተላለፈ ሚሌ ገባ፤ ሳይመሽ የጤና ጣቢያ መኪና መድኃኒት ይዞ መጣልን። ጋሽ መኮንን ተረፉ። ሐዳርን ግን ሳያዩ በዓመቱ አረፉ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አስጎብኚ ለምትሆኑ የምለው ይህን ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያስቆማችሁ ቁሙ፤ ተናግሮ ሳይጨርስም መኪና አታስነሱ።