ሦስት ወፍ ከአንድ አፍ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። ማንበብ እንደቻልኩ እጄ የገባው የመጀመሪያ ጽሑፍ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነበር። አንዱን ሹም ሌባ ይለዋል። ማን አየው? «የታመኑ ሰዎች እንደነገሩን» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳልተሳሳትኩ ሳውቅ ወረቀቱን ጨምድጄ ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። ሚስቴ «ምን አድርጎህ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም የታመንኩ ሰው ሆኜ አውቃለሁ።

በእኛ አገር፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከጥርጊያው መንገድ ወጣ ብሎ ባለው አጥቢያ፣ የታመነ ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። የተመረጡ ሽማግሎች ፈንጠር ብለው ይሰየማሉ፤ ሕዝቡ አንድ በአንድ እየተነሣ በፊታቸው ይምላል። ያየ፣ አየሁ ይላል። ያላየ ግን የሰማ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ወፍ እንዲህ አለኝ» ይላል። ወፉ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ነገሩ የተበጀው ደካማው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እንዲያጋልጥ ነው። አንድ ወፍ ወሬ ነው። ሁለት ወፍ ጥርጣሬ ነው። ሦስት ወፍ ከሦስት አፍ ከመጣ ግን አለቀ፤ ሰውዬው ተፈርዶበታል።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በታኅሣሥ ወር፣ የአንድ ጎረቤታችን የጤፍ ክምር ነደደ። እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ የወይፈን፣ ጭንቅላቴም የወይፈን። ሮጠን ስንደርስ ባለክምሩ በሁለት እጁ አመድ ይዝቃል። ከስር እሳት ያልነካው እህል ያገኝ መስሎት ነው። የመዳፉ ቆዳ ተገሽልጦ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሱ ግን መዛቁን አልተወም። የዓመት ጉሮሮው ነው። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አውጫጭኙ ተጠራ። በመጀመሪያው እሑድ ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ። ወደ ማታ «በሚመጣው ሳምንት ተመለሱ» ተባልን። አውጫጭኝ ሳያልቅ መውቃት ክልክል ነውና፣ በዚያ መሀል የእያንዳንዳችን እህል ሳይወቃ አውድማ ላይ ተከምሮ ቀረ። ምስጥ ከስር ይበላል። ያለወራቱ የቡሬ ሰማይ ጠቆረ፤ ሁለት ቀን አካፋ። ሰው ሁሉ ስለ እውነቱ መጨነቁን ተወ። «ማንም ይሁን ማን፣ ይውጣና እንገላገል» ይባባል ጀመር። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ምሳሬ አፉ ታጥፎብኝ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድኩ። ቀጥቃጩ አባቴን የሚያህል ሰው ነው። አንዲት ድሃ ሴት የጎመን ቢላዋ ልታሠራ ተቀምጣለች፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ገበሬዎችም ጥላው ስር አሉ።

«የእኔን አስቀድም» አልኩት።

ወናፉን እየነፋ ቀና ሳይል፣ «ጌታው፣ እሷ ቀድማ መጥታለች። ቁጭ በል፣ ይደርስሃል» አለኝ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ገበሬዎቹም ሳቁ። ደሜ ፈላ። እኛ ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ አንቆርስም፤ ልጅ አንሰጠውም፣ ከእሱም አንወስድም። ዓይኑ ሰው ይበላል ብለን ልጆቻችንን ከፊቱ እንሸሽጋለን። የምናርስበት ብረት ግን ከእጁ ነው። ይህ ሰው እኔን ተራ አስጠበቀኝ። ምሳሩን ደግሞ አሳምሮ ሠራልኝ፤ ያ የበለጠ አናደደኝ።

በሁለተኛው እሑድ፣ ሽማግሎቹ ለምሳ ሲነሡ፣ ታላቅ ወንድሜን ሾላው ስር አገኘሁትና «አያ፣ እስቲ አስበው፤ በዚህ አገር እሳት ከማን ቤት ነው የማይጠፋው?» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ባል ምንጩ ዘንድ ውሃ ሲጠጣ አገኘሁት። ለእሱ አወፈርኩት፤ «ቀጥቃጩ የዚያን ዕለት ፍም በገል ይዞ ሲሄድ ታይቷል አሉ» አልኩ። «አሉ» ያልኩት ራሴ ነኝ። ማምሻውን ወደ ቤት ስንመለስ፣ አንዳንድ በሬ አዋጥተን አብረን ለምናርሰው መቀናጆዬ ነገርኩት። ለእሱማ ፍሙን የያዘበትን እጅና የሄደበትን መንገድ ሁሉ ሳልኩለት። አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው እሑድ የሽማግሎቹ አለቃ በዘንጉ ተደግፎ ተነሣ።

«ወፍ መጥቷል» አለ። «አንድ አይደለም። ሦስት ነው። ከሦስት አፍ።»

ቀጥቃጩ ተጠርቶ መሀል ቆመ።

«ክምሩን ምን በድሎህ አቃጠልከው?»

«እኔ እሳት የማበላው ከሰል ነው፤ የሰው እህል አይደለም፣ አባቴ።»

«ሦስት ወፍ ነው የመጣብህ!»

«እንግዲያው ፊቴ ይቁሙና ይናገሩ። በዓይኔ ልያቸው።»

ይህችን ነበር የሚጠብቁት። ያየኝን ሰው ልየው ማለት የማንም ተከሳሽ ወግ ነው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ። «ሊበላቸው ነው! ዓይኑን ሸፍኑት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጋቢ ወረወሩበት። ጋቢው ጭንቅላቱ ላይ እንዳረፈ የመጀመሪያው ዱላ ወረደ፤ ከዚያ መቁጠር የለም። የሽመል ድምፅ አጥንት ላይ ሲያርፍና ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይለያያል፤ ያን ቀን ለየሁት። እኔም በእግሬ ጎኑን ረገጥኩት። አንድ ጊዜ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ አንድ ጊዜ አልነበረም።

ባለክምሩ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን እያወዛወዘ መጣና የቀጥቃጩን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ እንዲዘረጉለት አዘዘ። «ያቃጠለበትን እጅ!» አለ። ሁለት ሰው ክንዱን ያዘ። ምሳር ጠየቀ። በአጠገቡ ምሳር የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰጠሁት። በምሳሩ ጀርባ ሁለት ጊዜ መታው። ቀጥቃጩ በመጀመሪያው ጮኸ። በሁለተኛው አልጮኸም።

«በቃ!» አለ የሽማግሎቹ አለቃ፣ ከሆነ በኋላ። «ከዛሬ ስምንት ቀን ለፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት እናስረክበዋለን። እስከዚያ ከቤቱ ይዋል፤ ልቡና ሰጥቶት በአፉ ካመነ ደግ፤ ካላመነ የወፉ ቃል ይበቃዋል።»

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር አውድማ ላይ በሬ እናበራያለን። ደስ ብሎታል፤ ከበሬው ኋላ እየሄደ ያንጎራጉራል። ድንገት ሳቅ አለና፣

«አንዱ ወፍ እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳትል» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ከማን ሰማህ?»

«ከአንተ ነዋ! ረሳኸው?»

ጅራፉ ከእጄ ወደቀ። አውድማውን ትቼ የእህቴ ባል ዘንድ ሄድኩ። ብዙም ሳልለምነው ሁለተኛው ወፍ እሱ መሆኑን ነገረኝ፤ እንዲያውም ኮራበት። መቀናጆዬ ዓይኔን ማየት ፈርቶ «ምን ላድርግ፣ አንተ ቁርጥ አድርገህ ነገርከኝ» አለ። ሦስት አፍ ተብሎ የተፈረደው በእኔ በአንዱ አፍ ነው። ሽማግሎቹ አልዋሹም። ሦስቱም ሰዎች አልዋሹም፤ የሰሙትን ተናገሩ። ወፍ ጎጆው አይጠየቅም የሚለው ወግ አንድ ውሸታም ሦስት ምስክር እንዲሆን ፈቀደለት።

ወንድሜን «ሄደን እንናገር፣ አያ» ብለው «አፍህን ዝጋ» አለኝ። «ያ ሰው ዛሬ ነጻ ቢወጣ ዱላ ያነሣው ሁሉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው። መቶ ሰው ለአንድ ጠይብ?»

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ በእኛ አገር ይቅርታ እንደሚለመነው፣ ቀጥቃጩ ደጃፍ ተንበረከክሁ። ሚስቱ ወጣች።

«ደግሞ ምን ቀረህ? እግሩ ነው?» አለችኝ።

ከውስጥ «ተዪው፣ ይግባ» አለ። መደብ ላይ ተጋድሟል። እጁ በቅቤና በቅጠል ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ ያህላል። ወፉ እኔ መሆኔን፣ ሦስቱም እኔ መሆኔን፣ ስለ ተራ ብዬ ያደረግሁት መሆኑን ነገርኩት። ጫንቃዬ ላይ ያለውን ድንጋይ አየ።

«ድንጋዩን አውርደው።»

«ማርኩህ ካላሉኝ አላወርድም።»

«እዚህ ማን አለ? እኔና ሚስቴ። እኔን ስትወነጅለኝ ስንት ሰው ሰማ?»

«አገሩ ሁሉ።»

«እንግዲያው አገሩ ሁሉ ይስማህ። በሜዳ የረገጥከኝን በጓዳ አትሳመኝ። በዚህ በሚመጣው እሑድ፣ ለፍኖተ ሰላም ሳያስረክቡኝ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ቆመህ ተናገር። ከዚያ ና፤ ያለ ድንጋይ ና።»

«አይናገርም» አለች ሚስቱ። «የእነሱ አፍ መቅደድ እንጂ መስፋት አያውቅም።»

ተናገርኩ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ «ሦስቱም ወፍ እኔ ነኝ። ሰውዬውን አላየሁትም። ፍሙንም አላየሁም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ሰማ። መቀናጆዬ መሬት መሬት አየ። አንዱ «ሦስት አፍ ያለው ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» ብሎ ሳቅ አነሣ። ሌላው «ቀጥቃጩ ስንት ሰጠህ?» አለ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ጮኹ፤

«ወይኔ ልጄን! ከቀጥቃጩ ቤት ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ! በልቶት ነው!»

ሳቁ ቆመ። «በላው! ቡዳ በልቶታል!» የሚል ከየአቅጣጫው ተነሣ። ሁሉም ዕረፍት አገኘ። የተናገርኩት ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ የቀጥቃጩ ሆነ። አንድ አረጋዊ ቄስ «ተዉ፣ ጠበል ውሰዱት፣ ዱላ አታንሡበት» አሉ፤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሊደርሱልኝ ቢሞክሩም ሕዝቡ ገፍቶ አራቃቸው።

ከሁሉ በፊት የያዘኝ ወንድሜ ነው። እያለቀሰ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ጎትተው ጣሉኝ፤ አራት ሰው እጅና እግሬ ላይ ተቀመጠ። በገል ፍም አመጡ፤ የአህያ ፋንድያና ነጭ ሽንኩርት ጨምረውበት ከአፍንጫዬ ስር አድርገው ጋቢ ደረቡብኝ። ጢሱ እንደ ቢላዋ ገባ። ከላይ ዱላ ይወርዳል።

«አትዘኑለት! የምትመቱት እሱን አይደለም፣ ያንን ነው!» ይላል አንዱ። የሚያመው ግን እኔን ነበር።

«ማነህ?» አለ ወንድሜ።

«እኔ ነኝ አያ። ወንድምህ።»

«ውሸት! ማነህ?»

የውስጥ እግሬን ገረፉኝ። አንድ ጥርሴ ተሰብሮ ዋጥኩት። እምቢ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ብዙ አልመሰለኝም። ትንፋሼ ሲያልቅብኝ፣ ጋቢው እንዲነሣልኝ ምን መባል እንዳለበት አውቅ ነበር። በዚያ አገር የተወለደ ሁሉ ያውቃል።

«ቀጥቃጩ ነኝ» አልኩ።

እልልታ ቀለጠ። ጋቢው ግን አልተነሣም። የባለክምሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«ክምሬን ያቃጠልከው አንተ ነህ?»

ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ጢስ አሳበደኝ ልል እችላለሁ፤ አላሳበደኝም። የምናገረው ቃል ማንን እንደሚገድል እያወቅሁ፣ አንዲት ትንፋሽ ፈልጌ፣

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በእኔ አፍ ቀጥቃጩ አመነ። ፍርድ ቤትም ፍኖተ ሰላምም አላስፈለገም። እጅና እግሬ ላይ የተቀመጡት ተነሥተው ሮጡ፤ መሬቱ ከጀርባዬ ስር ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ጋቢውን ሲገልጥልኝ ከወንዙ ማዶ የቀጥቃጩ ቤት የሣር ክዳን ሲነድ አየሁ። አንዱ ሰውዬውና ሚስቱ በገደሉ ወርደው ወደ ቡሬ አመለጡ አለኝ። ሌላው ወንዙ ላይ ደርሰውባቸዋል አለኝ። ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም። ወናፉንና መዶሻውን አመድ ውስጥ አይቻለሁ፤ እነሱን ግን ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ወንድሜ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊቴን በውሃ ያጥበኝ ነበር። «ዳንክ ወንድምዬ፣ ዳንክ» እያለ ያለቅሳል። ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ጢስ ጢስ እየሸተቱ ተመለሱና በየተራ ጉንጬን ሳሙኝ። ባለክምሩም ሳመኝ።

«እንኳን እግዜር ማረህ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። ለእያንዳንዳቸው።