ጎረቤታችን ብስክሌተኛው

ትናንት ሓወልቲ ካፌ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን ቀና ብዬ ሳይ፣ ሐፍቶም በድራማ ላይ ዳኛ ሆኖ ብቅ አለ! ልጅ ሳለሁ በቀዳማይ ወያነ ሰፈር ጎረቤታችን የነበረ፣ የታወቀ የክለብ ብስክሌተኛ ነበር።

አንድ እሁድ ውድድሩ በሰፈራችን አለፈ። አስፋልቱ የጋለ ጎማ ይሸታል። ሐፍቶም ሁሉንም ቀድሞ እየበረረ መጣ፤ እኛን ሲያይ ግን መሪውን ለቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለንጉሥ እንደሚደረግ እጅ ነሳን። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። በዚያች ቅጽበት ሁለት ተወዳዳሪዎች አለፉት።

«ወደይ፣ ልጄ፣ መንገዱን እይ እንጂ!» ብለው አያቱ አቦይ ገብሩ ጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሳቅ እያፈናቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ልጅ መንገድ አይበቃውም» አሉኝ።

ካፌው ውስጥ ዳኛው ሐፍቶም ፍርድ ሊያነብ ተነሣ። «ጎረቤታችን እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተናጋጇ እየሳቀች ድምፁን ጨመረችልኝ።