አባቴ የመረጠው ምድብ

በሐምሌ መጨረሻ፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ሲነሳ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ሃይስኩል የማርሽ ባንዱን ልምምድ ይጀምራል፤ የከበሮው ድምፅ በተዘጋው መስኮት አልፎ ወጥ ቤቴ ድረስ ሲመጣ የያዝኩትን ትቼ ለአፍታ እቆማለሁ። አትላንታ ውስጥ ሌላው ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ወቅት መድረሱን አውቆ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ድምፁ አሥር ዓመት ወደሞላኝ ዓመት ይዞኝ ይሄዳል።

ያኔ ከአትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን ውስጥ፣ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን እንኖር ነበር። አባዬ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር፤ እማዬ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር። ወንድሜ በረከት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። የኛን አገር ኳስ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ስለነበር የሃይስኩሉ ፉትቦል አሠልጣኝ ሜዳ ላይ ሲመታ አይቶት ወስዶ ኪከር አደረገው፤ ኪከር ማለት ሌሎቹ ሲጋፉና ሲወድቁ ቆይቶ፣ ተጠርቶ ገብቶ፣ ኳሷን በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል አሳልፎ የሚወጣው ነው። ክረምቱን ሙሉ አባዬ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ሜዳ ይዞን ይሄድና በረከት ሲመታ እኔና እሱ ከምሰሶው ኋላ ቆመን ኳስ እንለቅም ነበር፤ አባዬን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ክረምት ብቻ ነው።

ብርድ ሲገባ ሁለት አሠልጣኞች ስኮላርሺፕ ይዘው በየተራ ቤታችን መጡ። የመጀመሪያው ቴነሲ ተራራ ውስጥ ካለ ትንሽ ኮሌጅ ነበር፤ በረከትን ምን መማር እንደሚፈልግ ጠየቀው፣ በረከትም እያፈረ «ድልድይ መሥራት» አለው። ሁለተኛው ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ከሚያስነዳ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሲሆን ስለ ድልድይ አልጠየቀም፤ ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ ኮንፈረንስ ቀይሮ ታላላቆቹ ወዳሉበት እንደሚገባ፣ ጨዋታውም በመላው አገር በቴሌቪዥን እንደሚታይ ነገረን። ኮንፈረንስ እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙ ትምህርት ቤቶች ስብስብ ነው፤ አባዬ ግን በሬዲዮ ስፖርት ሲሰማ ያደገ ሰው በመሆኑ «ምድብ» ነበር የሚለው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ የወደድኩት ቴነሲውን ነው» አለ በረከት ሰውየው ሲወጣ።

«ትልቁ ምድብ ቤትህ ድረስ መጥቶ ትንሹን ትላለህ? ፈርም በቃ።»

በረከት እናቴን አያት። እሷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሱም ፈረመ።

በሚቀጥለው ዓመት በረከት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የቅዳሜ ኑሯችን ተጀመረ። አባዬ ቅዳሜ እንዳይሠራ ሽፍት ተለዋውጦ፣ ገና ሳይነጋ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀን ነበር፤ እማዬ ከሥራ በገባች በጥቂት ሰዓት ውስጥ የምስር ሳንቡሳ በፎይል ጠቅልላ ትወርዳለች፣ እኔም የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶዬን አስሬ እተኛለሁ። መሄድ እፈልግ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም፤ የጓደኞቼ ልደት ሁሉ ቅዳሜ ነበር፣ አንዱንም አልሄድኩም። የመጀመሪያው ዓመት ግን አይከፋም ነበር፤ በረከት እየገባ ያገባል፣ አባዬ ከማያውቃቸው ነጮች ጋር ይተቃቀፋል፣ ሥራ ቦታው ሁሉ «የኪከሩ አባት» ይሉት ጀመር።

ዩኒቨርሲቲው ከዱሮ ጀምሮ አንድ ባላንጣ ነበረው፤ አርባ ደቂቃ የማያስነዳ ጎረቤት ትምህርት ቤት። በየዓመቱ ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ በሚውለው ቅዳሜ ይጋጠሙ ነበር፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚፎካከርባት፣ ባልና ሚስት የተለያየ ቀለም ኮፍያ አድርገው እየተነቋቆሩ የሚመጡባት ቀን ነበረች። የአዲሱ ምድብ ፕሮግራም ሲወጣ ግን ለጎረቤቱ ቦታ አልተገኘለትም፤ ስለዚህ የዚያ ዓመቱ ግጥሚያ የመጨረሻው እንዲሆን ተወሰነ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፣ ብርዱም አጥንት ይሰብር ነበር። ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ በሁለት ነጥብ እየተመራን ሳለ፣ ሦስት ነጥብ የምታስገኘውን ምት እንዲመታ በረከት ተጠራ። አባዬ እጄን ጨብጦ ይዞኝ ነበር፣ ጣቶቼ እስኪያሙኝ። በረከት ወደኋላ ተራምዶ፣ ቆሞ፣ መታ፤ ኳሷም ከፍ ብላ ሄዳ የቀኙን ምሰሶ ገጭታ ወደ ውጭ ወደቀች። ማዶ ያለው ሕዝብ አጥሩን ዘሎ ሜዳ ገባ። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለማንም ሳይሆን «አሁን እኮ ለከርሞ የለም» አሉ በእንግሊዝኛ። ያኔ አልገባኝም፤ በባላንጣ የተሸነፈ ሰው የሚጽናናው ለከርሞ እንደሚገናኝ እያሰበ መሆኑን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ለበረከት ከርሞ አልነበረም።

«አይዞህ፣ በትልቁ ምድብ ትክሰዋለህ» አለው አባዬ በመንገድ ላይ። በረከት ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

ለገና ቤት ሲመጣ ከስቶ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ልናጥብ ወርደን፣ ማሽኖቹ እየተሽከረከሩ ሳለ፣ ሰዎች በስልኩ የጻፉለትን ስድብ አሳየኝ፤ ሁለቱን አንብቤ መለስኩለት።

«ሩትዬ፣ ኩዊት ማድረግ፣ መተው ነው የምፈልገው» አለኝ። «ላይክ፣ ከጌም በፊት ያስመልሰኛል። ኳሷን ማየት አልቻልኩም።»

«ንገረዋ ለአባዬ።»

«ኩዊት ካደረግኩ ስኮላርሺፑን ያነሱብኛል። እሱስ ቢሆን? እንዴት እንደሚያወራ አትሰሚውም? ለማንም እንዳትናገሪ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም እኔም አብሬው ታሰርኩ። አባዬ እራት ላይ ስለ ከርሞው ቡድን ሲያወራ በረከት እያየኝ ይጎርስ ነበር፣ እኔም አይኔን ከሳህኔ አላነሳም ነበር።

የሁለተኛው ዓመት፣ የትልቁ ምድብ ፕሮግራም ጨካኝ ነበር። የመጀመሪያው ግጥሚያ ስታዲየሙ የአንድ ከተማ ሕዝብ ከሚይዝ ቡድን ጋር፣ ያውም በነሱ ሜዳ፤ ቀጥሎ ከቴክሳስ ከመጣ ቡድን ጋር፤ ሳያርፉ ደግሞ ሌላ ኃያል። በየሳምንቱ ተቀጠቀጡ። እንዲያ ሲሸነፉ ኪከር ብዙም አይፈለግም፤ በረከት ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ መስመሩ ዳር ቆሞ ይውል ነበር፣ እኛም ላናየው ያንን ሁሉ መንገድ ነድተን፣ እሑድ ሲነጋ ተመልሰን፣ ከመኪናው ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን እንገባ ነበር። አባዬ ግን «በማን እንደተሸነፍን እዩ እንጂ» ይል ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ጨዋታው ስንሄድ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ። መኪኖቹ ግራ ቀኙን ከበቡን፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። አባዬ መሪውን በጣቱ እየመታ «ሩትም ስትደርስ እዚያው ነው የምትገባው፣ ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው» አለ። መሐላዬን ረሳሁ።

«በረከት ይጠላዋል!» አልኩ እየጮኽኩ። «ከጨዋታ በፊት ያስመልሰዋል! መውጣት ነው የሚፈልገው!»

አባዬ አልዞረም። ጣቱ ብቻ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«ታውቂያለሽ?» አላት አባዬ።

«ለገና የመጣ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያስመልስ እሰማው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንፈርም ጠይቀኸኝ ነበር?»

ለሃያ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆምን። ማንም ወርዶ የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። እኔ መሐላ ማፍረሴን አስቤ በእጅጌዬ እያፈንኩ አለቀስኩ፤ አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ በመስታወቱ አየኝና አይኑን መለሰ።

ጨዋታው አልቆ በረከት ወደ መኪናው ሲመጣ አባዬ ቦኔቱን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ምንድነው የምትፈልገው?» አለው። በረከት ወደ እኔ ዞረ፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ተፈታ።

«ሲዝኑን ልጨርስ» አለ። «ከዚያ ቴነሲ ትራንስፈር ላድርግ። ያለ ኳስ።»

የቀሩትን ጨዋታዎችም ተሸነፉ፤ እሱም እስከ መጨረሻው ሄልሜቱን ይዞ ቆመ፣ እኛም አልቀረንም። በጥር ሦስታችን አደረስነው። ተራራው በረዶ ለብሶ ነበር። አባዬ የበረከትን ካርቶኖች ወደ ዶርሙ አንድ በአንድ ሲያወጣ ቆይቶ፣ የመጨረሻውን አስቀምጦ እላዩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔን የመንግሥት ሰዎች ናቸው የመደቡኝ» አለ። «ትምህርቱንም፣ የምሠራበትንም አገር። የፈለግኩት ሌላ ነበር። አንተን ደግሞ እኔ መደብኩህ።»

አባዬ ምን መማር ፈልጎ እንደነበር እስከዛሬ አልነገረንም። በረከት ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው፤ እማዬና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው።

በረከት አሁን እዚያው ቴነሲ ይኖራል፤ ድልድይ አይሠራም፣ የተሠራውን እየዞረ ይመረምራል፣ ፉትቦልም ቤቱ ውስጥ አይከፈትም። የዱሮው ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ወዲህ ሌላ ኮንፈረንስ መርጧል አሉ። እኔ የምኖረው እዚሁ አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ነው። ቅዳሜ የራሴ ነው፤ ማንም አይቀሰቅሰኝም፣ የትም አልወሰድም። ጡረታ የወጣው አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ይደውልና «ዛሬ ምን ለማድረግ አሰብሽ?» ይለኛል። ዱሮ መልስ ሳይጠብቅ ሞተር ያስነሳ የነበረ ሰው ዛሬ ጠይቆ ይጠብቃል፤ ትንፋሹ በስልኩ ይሰማኛል። ብዙ ጊዜ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም። እሱም አይቸኩልም።