የሻዝሊ እህት

ረቲባ የሞተችው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ፣ እጇን ታናሽ እህቷ ኢንሻራህ እንደያዘችው። ኢንሻራህ የእህቷን ዓይን ከደነች፣ አገጯን በነጭ ጨርቅ አሰረች። ከዚያ ታላቅ ወንድማቸውን ሻዝሊን ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«ሞቷ ከመስጊዱ ሲነገር፣ በስሟ ይነገርላት።»

ሻዝሊ እንባውን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ ነበር። እጁን አወረደ።

«አሁን ይሄ የቀልድ ሰዓት ነው?»

«አልቀለድኩም። ረቲባ ዒሳዊ ሞታለች ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«የእህቴን ስም በድምፅ ማጉያ አስጠርቼ ነገ ቡና ቤት የምቀመጠው በየትኛው ፊቴ ነው? እናታችን ስትሞት በስሟ ተነገረ? አያታችንስ?»

«የአያታችንን ስም ታውቀዋለህ?»

አያታቸው ለሻዝሊ የአባታቸው የሐጅ ዒሳዊ እናት ነበረች፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም። በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

ኢንሻራህ በመንደራቸው በከፍር አልሰዋቂ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሶሲዮሎጂ ታስተምራለች። የመማሪያው መጽሐፍ ያልተጻፈ ደንብ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው በወረፋ ነው፤ ማንም ሳያዝህ ትሰለፋለህ፣ ብትጋፋ ሰው ያጉረመርምብሃል ይላል። ይህን የጻፈው ሰው በመንደሩ ዳቦ መጋገሪያ በር ላይ አንድ ጠዋት ቆሞ እንደማያውቅ ለተማሪዎቿ ስትነግራቸው ይስቃሉ። እውነተኛውን ምሳሌ ግን ሁሉም ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ወንድሞቻቸው የሌላውን ልጅ እናት ስም ካወቁ በመንገድ ላይ እየጮሁ ይሳደቡበታል። በሠርግ ወረቀት ላይ የሙሽራው ስም በወርቃማ ቀለም ይታተማል፤ ሙሽራዋ «የሐጅ እገሌ ልጅ» ናት። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፤ የጣሰውም የለም።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አንኮራፋ፤ ኢማሙ ሼክ መብሩክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የሐጅ ዒሳዊ ልጅ፣ የእህል ነጋዴው የሻዝሊ እህት፣ ወደ አላህ እዝነት ሄዳለች። ቀብሯ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው።»

ሐጅ ዒሳዊ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ረቲባ ግን ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ ደጅ አልወጣችም። መንደሩ በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያያት የሻዝሊ እህት ኢንሻራህ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታቸው ኡም ሐሺም ናት፤ ደረቷን እየደቃች፣ «ኢንሻራህ! የኔ ማር! ምነው እኔን በወሰደኝ!» እያለች። ኢንሻራህ በሩን ከፈተችላት። ኡም ሐሺም ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ቢስሚላህ! አንቺ... አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ረቲባ።»

«እሰይ! አልሐምዱሊላህ!» አለች ኡም ሐሺም፣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ።

አስከሬኑ ከጀርባቸው ነበር። ኡም ሐሺም ያለችው ነገር ዘግይቶ ሲገባት አፏን ያዘች። የኢንሻራህ ሐዘን በዚያች ቅጽበት ወደ ቁጣ ተለወጠ።

ቀጥሎ ተማሪዎቿ እያለቀሱ እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ሲያዩዋት አንዷ ራሷን ሳተች፤ ሌሎቹ፣ ሴት አስተማሪ በሚጠራበት «አብላ» በሚለው ስም እየጠሯት አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«አብላ! ርዕሰ መምህሩ እኮ ክፍልዎን ለጂኦግራፊው አስተማሪ ሰጥተውታል!»

«ገና ሬሳዬ ሳይታጠብ?»

ልጆቹ ሳቁ፤ በልቅሶ ቤት መሳቃቸው አሳፍሯቸው ደግሞ አለቀሱ። ደስታቸው ግን ከፊታቸው አልጠፋም። ልትቆጣቸው አልቻለችም። የተቆጣችው ለእህቷ ሞት እስካሁን ያለቀሰ አንድም እንግዳ ባለመምጣቱ ነው።

ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ወደ መስጊዱ በር ሄደች። ሻዝሊና ሼክ መብሩክ ደጃፉ ላይ ነበሩ።

«ሼክ፣ መንደሩ ሁሉ የሞተችው እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያስበው። ያስተካክሉት። በስሟ ያስተካክሉት።»

ሼኩ መሬት መሬት እያዩ፣ «ልጄ፣ ሃይማኖቱ አይከለክልም» አሉ። «የነቢዩን ሚስቶችና ሴት ልጆች ስም በየጁምዓው እንጠራለን። ግን ሰዉ...»

«ሰዉ ማነው? እርስዎ አይደሉም? ይሄ አይደለም?» አለች ወደ ሻዝሊ እየጠቆመች።

«ወደ ቤትሽ ግቢ!» አላት ሻዝሊ በጥርሱ መሃል። «ይስተካከላል።»

ተስተካከለም። ገና መንገድ ላይ እያለች ሰማችው።

«ማሳሰቢያ። የሞተችው መምህሯ አይደለችም። ሌላኛዋ ናት።»

ሌላኛዋ። ለግማሹ መንደር የሠርግ ቀሚስ የሰፋችው፣ የሕፃናት ክታብ በነፃ የጠቀመችው፣ መርፌ እያየች ዓይኗ የደከመው ሰው፣ ሌላኛዋ ናት።

ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው ሲሄዱ እንደ ልማዱ ሴቶቹ በየቤታቸው ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ጫፍ የዘንሁም ድምፅ የመጣው። ዘንሁም ከከተማ እየመጣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው፤ ባለ ሦስት እግር ጋሪው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ የተቀረጸ ድምፁን ሲያስደጋግም ይውላል። «አሮጌ ብረት! የተሰበረ ፍሪጅ! አሮጌ ምጣድ የሚሸጥ!»

በሩ ላይ ጥቁር ልብስ አይቶ ድምፁን አጠፋ።

«ማን ሞተባችሁ፣ አብላ?»

«እህቴ።»

«ሲት ረቲባ?» አለ ዘንሁም፣ እመቤት እንደማለት፤ ከጋሪው ወረደ። «ያቺ ደግ? ይቺን የጋሪዬን ጥላ እኮ የሰፋችልኝ እሷ ናት። አላህ ይማራት፣ ሲት ረቲባ።»

ከጠዋት ጀምሮ ስሟን የጠራ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነበር። ኢንሻራህ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና እጇን ዘረጋች።

«መቅረጫህን ስጠኝ።»

ዘንሁም ምን እንዳሰበች ገባው። «ወንድምሽ እግሬን ይሰብረዋል።»

«አንተ የዚህ መንደር ሰው አይደለህም።»

«ለዚህ እኮ ነው የሚሰብረው!» አለ፤ መቅረጫውን ግን ሰጣት።

ጋሪው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። በየጠባቡ መንገድ፣ በዳቦ መጋገሪያው በር፣ በቡና ቤቱ ፊት፣ የኢንሻራህ ድምፅ ተደጋገመ፦ «ረቲባ ዒሳዊ ሞታለች። ልብስ ሰፊዋ ረቲባ። የሰፋችላችሁ ሁሉ፣ ረቲባ ሞታለች።» ዘንሁም አሮጌውን ቅጂ አላጠፋውም ነበርና በየመካከሉ የተሰበረ ፍሪጅ ይጠየቃል።

ደንብ ለጣሰ ሰው የሚከፈለውን ታውቃለች፤ ሐሜት፣ መሳቂያ መሆን፣ መገለል። በሰሌዳ ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ስትጽፈው ኖራለች። ቡና ቤቱ ፊት ሳቁ ጀምሯል። ይምጣ አለች በልቧ።

ነገር ግን በሮች እየተከፈቱ ነበር። «ረቲባ? የኔን ቀሚስ የሰፋችው ረቲባ?» እያሉ ሴቶች ወጡ። ከፊት ኡም ሐሺም ነበረች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። «ረቲባ! ዋ ረቲባ!» እያለች ትጮኻለች፤ ይህኛው ጩኸት ለሟቿ ነበር።

ሻዝሊ ከመቃብር ሲመለስ ግቢው በሴቶች ሞልቷል። ደም ሥሩ ተገትሮ እህቱ ፊት ቆመ።

«ስሟን መንደሩ ሁሉ ሰማው!»

«ሰምቶ መጥቷል» አለችው ኢንሻራህ። «ቆመው ነው የሚያለቅሱት። ወንበር አምጣ።»