የጠፋው ልጅ እናት

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ጅማ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዱ ነበርኩ። አንድ ዓመት ለፋሲካ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ በመዝሙር ድራማ ልናቀርብ ተነሣን። ግጥሙንም ዜማውንም ያዘጋጀው አኮርዲዮን የሚጫወተው መሪያችን ነበር፤ መተዳደሪያው አስተማሪነት ነው። የጠፋው ልጅ ድርሻ ለእኔ ደረሰኝ።

ከሴት መዘምራኑ መካከል በከተማችን መርካቶ ፈትል የሚሸጡ፣ የደዶ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ቡና ከጫነ መኪና ጋር ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል። ስለ እሱ አያወሩም፤ እኛም አንጠይቅም።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ «መምህር፣ ይህ ልጅ እናት አልነበረችውም?» አሉ።

መሪያችን መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ አየ። «አልተጻፈም፣ እማማ።»

«አልተጻፈም ማለት የለችም ማለት ነው?»

መጽሐፉን ዘጋ። በሳምንቱ ግን አጭር ግጥም ጽፎ መጣ፤ እናት ደጃፍ ቆማ አላፊ አግዳሚውን «ልጄን አይታችኋል?» እያለች የምትጠይቅበት። እማማ ድምፃቸው ሻካራ ነበር። ዘምረው ሲጨርሱ ግን መሪያችን «ይደገም» አለ።

በዓሉ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ልምምዱን ሊያዩ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ጌታ ያልተናገረውን እኛ አንጨምርም። የእናቲቱ ይቅር» አሉ። መሪያችን ሊከራከር ሞከረ፤ አልሆነም። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብለው ከኋላው ረድፍ ገቡ።

በፋሲካ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቡትቶ ለብሼ እየዘመርኩ ገባሁ። አባት የሆነው ሰው እጁን ዘርግቶ ሳይደርስ፣ እማማ ከረድፋቸው ወጥተው አቀፉኝ። አልዘመሩም። ጆሮዬ ሥር በኦሮምኛ «ኢልማ ኮ» አሉ፤ ቀጥለውም «ልጄ፣ የት ቆየህ?» አሉኝ። አኮርዲዮኑ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ጠበቀን። በመጨረሻ ሁለት ሴቶች መጥተው ቀስ ብለው አላቀቋቸው። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ወደ መዘምራን አልተመለሱም። ቤታቸው ሄጄ ብጠይቃቸው፣ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ፣ «እናንተማ የእናንተውን አገኛችሁ፤ ፍሪዳውንም አረዳችሁ» አሉኝ። በቅያሜ አልነበረም። በዚህ መሐል ከየቡ ከተማ የመጣ የቡና መኪና ደጅ ቆመ። ንግግራቸውን አቋርጠው፣ ሞተሩ እስኪጠፋና የሰዎቹ ድምፅ እስኪለይ አዳመጡ። ከዚያ መፍተላቸውን ቀጠሉ።

በክረምቱ ታመው ሞቱ። ልጃቸው አልመጣም። አስከሬናቸውን የተሸከምነው እኛ መዘምራኑ ነበርን።