የተዘጋው ድረ ገጽ

የልጅ ልጄ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለች። ለአጎቷ ለቅሶ እኛ ጋ ቡሌ መጥታ ሳለ፣ መምህሯ የቤት ሥራ በትምህርቱ ድረ ገጽ ላይ ለጥፎ ሳትመለስ መልስ መቀበያውን ዘጋው። እኛ ጋ ኔትወርክ የሚባል የለም፤ ሳታየው ዜሮ ሰጣት። እጇን ይዤ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«እማማ፣ ድረ ገጹ ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። ፍትሕ የሚያስተምረው እንግዲህ ይህ ነው!

«በእኛ ሶንጎ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ሲቀመጡ፣ ከሩቅ የተጠራው ሰው ሳይደርስ ነገር አይጀምሩም። አንተ ግን ልጅቷን ሳትሰማ ፈረድክባት» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል ለእሷ ልክፈትላት።»

«ለእኔ ስትል? ልለምንህ የመጣሁ መሰለህ? ከወርቃ ገጠር የመጣው ስልክ የሌለው ተማሪስ? እሱም አያቱን ይዞ ይምጣ?»

የልጅ ልጄ ነጠላዬን ጎተተችኝ። «ይበቃል፣ አያቴ! እንሂድ!»

ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

እየተነጫነጨ ለሁሉም ከፈተው። ልጅቷ ግን አሳፈርሽኝ ብላ እስከ መናኸሪያው አኮረፈችኝ። ይህች ናት እንግዲህ ለሰው ጥብቅና የምትቆመው!